እርሳስ በቤንዚን ውስጥ፤ የኬሚካሎች ደኅንነት ቍጥጥር የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ

በትምህርት ቤት ውስጥ በየቀኑ ከሚነሡት ቃላት አንዱ «እርሳስ» ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው የሚጽፍበት መሣሪያ በዚህ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ያለው ጥቍር ነገር ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ስለሆነ ከማዕድኑ ከእርሳስ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። ስሕተቱም የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ ግራፋይት በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በብዛት በተገኘ ጊዜ ያገኙት ሰዎች የእርሳስ ዓይነት ስለ መሰላቸው የእንግሊዝኛውም የጀርመንኛውም ስም እስከ ዛሬ ይህንኑ ጥንታዊ ግምት ይዞ ቀርቷል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን እውነተኛው እርሳስ፣ ማለት ለስላሳውና ከባዱ ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በዓለም መንገዶች ሁሉ እንዴት ሊበተን እንደቻለ፣ መንግሥታትም ይህን ለማስቆም አንድ መቶ ዓመት ያህል ለምን እንደፈጀባቸው መመርመር፣ ስለ ኢንዱስትሪ ኬሚካሎች ቍጥጥር የወጡት ሕጎች ዛሬ የያዙትን መልክ ከምን የተነሣ እንደያዙ ለመረዳት ይረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

እርሳስ መርዝ መሆኑ በሃያኛው መቶ ዓመት የተገኘ አዲስ ዕውቀት አልነበረም። በ1904 በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ ሐኪም የሕፃናት ሽባነትና የዓይን ሕመም ምክንያት በየቤቱ በረንዳ ላይ የተቀባው የእርሳስ ቀለም መሆኑን አስታውቆ ነበር። ኅዳር 19 ቀን 1921 ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ በጄኔቭ ተሰብስቦ በቤት ውስጥ ቅብ ነጭ እርሳስ እንዳይሠራበት የሚገድብ ስምምነት አጸደቀ። ይህ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1921፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ መሐንዲስ ቶማስ ሚጅሊ ቴትራ ኤቲል ሌድ የተባለው ፈሳሽ በጥቂቱ በቤንዚን ላይ ሲጨመር የሞተርን መንኳኳት እንደሚያስቀር አረጋገጠ። የአንዱ ጉባኤ ውሳኔ እርሳስን ከቤት ሊያስወጣ ሲነሣ፣ የአንዱ ላቦራቶሪ ሥራ በሌላ በር ሊያስገባው ተዘጋጀ ማለት ነው።

መንኳኳት የተባለው በሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ የተጨመቀው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ከሻማው የተነሣው እሳት ሳይደርስበት በራሱ በመፈንዳቱ የሚሰማ ድምፅ ነው። ድምፁ ብቻውን ችግር አይሆንም ነበር፤ ነገር ግን የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፣ ብረቱንም ይጎዳል። አልኮል በቤንዚን ላይ ሲጨመር ይህንኑ ሊያስቀር እንደሚችል በዚያን ጊዜ የታወቀ ሲሆን ሚጅሊ ራሱም ሞክሮት ነበር። ሆኖም አልኮል ማንም ሰው በየትም ሊያወጣው የሚችል ነገር ስለሆነ የአንድ ኩባንያ ንብረት ሊሆን አይችልም። ቴትራ ኤቲል ሌድ ግን በፓተንት ሊጠበቅ ቻለ፤ የሚጨመረውም በጣም ጥቂት፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ብቻውን ቢቃጠል የእርሳሱ አመድ በሞተሩ ውስጥ ስለሚጠራቀም ብሮሚን ያለበት ሌላ ኬሚካል አብሮ ተጨመረበት። በዚህ ዘዴ እርሳሱ ተንኖ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ሞተሩ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ መንገዱ ተበከለ።

ሽያጩ በ1923 መጀመሪያ ላይ በዚያው በዴይተን ተጀመረ። ከዚያ በፊት ምርመራ ማድረግ ግዴታ አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን ምርመራ የሚጠይቅ ሕግ ስላልነበረ ኩባንያው የጣሰው ትእዛዝ የለም። በ1924 ጄኔራል ሞተርስና የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል ኤቲል የተባለውን ኩባንያ በጋራ አቋቋሙ። የኩባንያው ስም በራሱ ሊታሰብበት ይገባል፤ ከውሁዱ ስም «ኤቲል» የሚለው ክፍል ተወስዶ «እርሳስ» የሚለው ቀረ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በኒው ጀርሲ በቤይዌይ ማጣሪያ ይሠሩ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቃዡና እየተንቀጠቀጡ ሞቱ፤ ከሠላሳ የሚበልጡትም ወደ ሐኪም ቤት ገቡ። ፈሳሹ በቆዳ ውስጥ ዘልቆ፣ ተኑም በትንፋሽ ገብቶ አእምሮን የሚያውክ ስለሆነ ጋዜጦች «የእብደት ጋዝ» የሚል ስም አወጡለት። ሚጅሊ በጋዜጠኞች ፊት እጁን በፈሳሹ ታጥቦ ተኑንም ለአንድ ደቂቃ ያህል አሽትቶ አደጋ እንደሌለበት ለማሳየት ሞከረ፤ እርሱ ራሱ ግን በ1923 መጀመሪያ ላይ በእርሳስ ተመርዞ ለዕረፍት ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ ነበር። ኒው ዮርክን የመሳሰሉ አንዳንድ ከተሞች ሽያጩን ከለከሉ።

ግንቦት 20 ቀን 1925 በዋሺንግተን የሕዝብ ጤና አገልግሎት ዋና ሐኪም ሂው ከሚንግ የጠሩት ጉባኤ ተሰበሰበ። ጉባኤው የፈጀው አንድ ቀን ብቻ ቢሆንም በኬሚካል ቍጥጥር ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ትልቅ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ጥያቄ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በሁለት ወገን ተለይቶ ቀርቧልና። የስታንዳርድ ኦይል ወኪል ፍራንክ ሃዋርድ ግኝቱ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ስጦታ የሚመስል መሆኑን ተናገሩ። የኩባንያው የሕክምና አማካሪ ወጣቱ ዶክተር ሮበርት ኪሆ ደግሞ ለነዳጅ ቍጠባ ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር በግምትና በሥጋት ብቻ ሊጣል እንደማይገባው፣ ጉዳት መኖሩ በማስረጃ ቢታይ ግን ማምረቱ እንደሚቆም አስረዱ። በሌላው ወገን የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ዶክተር አሊስ ሃሚልተን፣ በዘመኑ ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች መመረዝ ከሁሉ የበለጠ ዕውቀት የነበራቸው ሐኪም፣ እርሳስ ባለበት ስፍራ የቱንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግ ውሎ አድሮ የሚመረዝ ሰው እንደማይጠፋ አስጠነቀቁ። የዬል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ያንዴል ሄንደርሰንም አደጋው በድንገት የሚገድል ሳይሆን በዝግታ የሚመጣ በመሆኑ ሕዝቡና መንግሥት ሲነቁ ቤንዚኑ በየቦታው ተስፋፍቶ እንደሚገኝ ቀደም ብለው ተናግረው ነበር።

ልዩነቱ በኬሚስትሪው ላይ አልነበረም። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በማን ላይ ይውደቅ በሚለው ላይ ነበር። አንደኛው ወገን ጉዳቱ እስኪረጋገጥ ይሸጥ ይላል፤ ሁለተኛው ደኅንነቱ እስኪረጋገጥ ይቆይ ይላል። በአንደኛው ሥርዓት ያለ ማስረጃ የሚያልፈው እያንዳንዱ ዓመት ለሻጩ ሲሆን፣ በሁለተኛው ለመንገደኛው ይሆናል።

ዋና ሐኪሙ የሰየሙት ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሥራውን ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ፈጽሞ በጥር ወር 1926 መግለጫውን አወጣ። 252 ሾፌሮችንና የጋራዥ ሠራተኞችን፣ እንዲሁም ሌሎች ሰዎችን አስመርምሮ ሽያጩን ለመከልከል በቂ ምክንያት እንዳላገኘ አስታወቀ። ኮሚቴው ግን ሞኝ አልነበረም። የቆይታው ጊዜ አጭር መሆኑን፣ ጥቂቱ እርሳስ በሰውነት ውስጥ ሲከማች ከብዙ ዓመታት በኋላ ጉዳቱ ሊገለጥ እንደሚችል ጽፎ፣ ጥናቱ በመንግሥት ገንዘብ እንዲቀጥል አሳሰበ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ቃል በሥራ ላይ ሲውል ሁለተኛው ቃል ተዘነጋ፤ ገንዘቡም አልተመደበም። ለሚቀጥሉት አርባ ዓመታት ስለ እርሳስና ስለ ሰው ጤና የተደረገው ጥናት አብዛኛው በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ኪሆ የተመራ ሲሆን ወጪውን የሸፈኑት እርሳሱን የሚያመርቱትና የሚሸጡት ኩባንያዎች ነበሩ።

ዶክተር ኪሆ የሚያቃልሉት ሰው አልነበሩም፤ መለኪያቸው ለዘመኑ የተራቀቀ ነበር። ፋብሪካ በማያውቅ በአንድ የሜክሲኮ ገጠር ነዋሪዎች ሰውነት ውስጥ ሳይቀር እርሳስ ስላገኙ፣ እርሳስ በሰው ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ነው፣ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 80 ማይክሮግራም እስኪደርስም ጉዳት የለውም ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። እነዚያ የሜክሲኮ ገበሬዎች ይበሉበት የነበረው ሸክላ ግን በእርሳስ የተለበጠ ነበር።

ይህን አስተሳሰብ የናደው ሐኪም አልነበረም። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ክሌር ፓተርሰን ከሜትዮራይት ውስጥ የእርሳስን አይሶቶፖች ለክቶ በ1956 የመሬትን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ የወሰነ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ሲል ከላቦራቶሪው እርሳስን ለማጽዳት ሲታገል በአየሩ፣ በውሃው፣ በልብሱና በሰው ፀጕር ላይ ሳይቀር እርሳስ መኖሩን ተረዳ። በ1965 ባወጣው ጽሑፍ በዘመናዊው ሰው ሰውነት ውስጥ የሚገኘው እርሳስ «የተለመደ» እንጂ «የተፈጥሮ» አለመሆኑን አስረዳ፤ ኪሆ ጤነኛ ብለው ለማነጻጸሪያ የወሰዷቸውም ሰዎች አስቀድሞ የተበከሉ ነበሩ ማለት ነው። ከባልደረቦቹ ጋር በ1969 ያሳተመው የግሪንላንድ በረዶ ጥናት እርሳሱ ከኢንዱስትሪ መስፋፋት ጋር እየጨመረ መምጣቱን፣ ከ1940 ወዲህም ጭማሪው እንደተፋጠነ አሳየ። የሆነ ሆኖ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ1971 ስለ አየር ወለድ እርሳስ ባወጣው ጥናት ላይ ፓተርሰን በአባልነት አልተጠራም።

ነገር ግን በበረዶ ውስጥ እርሳስ መገኘቱ በሕፃን አእምሮ ላይ ጉዳት መድረሱን አያስረዳም። በዚህ ረገድ የተገኘው ማስረጃ የመጣው ከክፍል ውስጥ ስለሆነ በተለይ ለመምህራን ሰፋ አድርጎ መግለጽ ተገቢ ነው።

በ1943 ራንዶልፍ ባየርስና ኤልዛቤት ሎርድ የተባሉ የቦስተን ባለሙያዎች በእርሳስ ተመርዘው ድነዋል ተብለው ከሐኪም ቤት የተሰናበቱ 20 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ተከታትለው ነበር። ከሃያው ትምህርቱ የሰመረለት አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ጥናት ሐኪሙ ድኗል ያለውን ልጅ መምህሩ አልዳነም ሊል እንደሚችል ያመለከተ ቢሆንም፣ ሕፃናቱ በግልጽ የታመሙ ስለነበሩ ስለ ጤነኛው ሕፃን የሚናገረው አልነበረም።

በሰባዎቹ ዓመታት ኸርበርት ኒድልማን የተባለ የሕፃናትና የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ክፍተት ለመሙላት ተነሣ። ደም የሚያሳየው የቅርብ ሳምንታትን እርሳስ ነው፤ ጥርስ ግን እንደ አጥንት ለዓመታት ያጠራቅማል። ስለዚህ በማሳቹሴትስ በቼልሲና በሶመርቪል ከተሞች ከሚማሩ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች የወለቀ የወተት ጥርሳቸው እንዲሰበሰብ አደረገ። በአገራችን በብዙ ስፍራ ልጅ ወደ ጣራ የሚወረውረው ይህ ትንሽ ነገር በላቦራቶሪ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት መዝገብ ሆኖ ተነበበ። ለእያንዳንዱ ጥርስ ሰጪ ልጅ መምህሩ ወይም መምህርቷ አሥራ አንድ ጥያቄዎች ያሉበት ቅጽ እንዲሞሉ ተጠየቁ። ልጁ ሐሳቡ በቀላሉ ይበተናል ወይ? የጀመረውን ይፈጽማል ወይ? ሥራው ሥርዓት ይጎድለዋል ወይ? ቀላል ትእዛዝ፣ ተከታታይ ትእዛዝስ ይከተላል ወይ? በቀን ሕልም ይዋጣል ወይ? የሚሉ፣ ማናቸውም መምህር ያለ መሣሪያ ሊመልሳቸው የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ አዎን ወይም አይደለም ነበር። መምህራኑ ልጁን ቢያንስ ለሁለት ወራት ያስተማሩ ሲሆኑ በጥርሱ ውስጥ ስላለው እርሳስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

2,146 ሕፃናት በዚህ አኳኋን ተመዘኑ። በ1979 በታተመው ውጤት መሠረት ልጆቹ በጥርሳቸው የእርሳስ መጠን በስድስት ደረጃ ሲከፈሉ፣ ደረጃው ከፍ ባለ ቍጥር መምህራን የሰጡት ጐዶሎ ግምት እየበዛ ሄደ። ከእነዚህም መካከል 58 ከፍተኛና 100 ዝቅተኛ እርሳስ ያላቸው ተመርጠው በዝርዝር ሲፈተኑ በአእምሮ ፈተና በአማካይ የአራት ነጥብ ያህል ልዩነት ታየ። አንዱም ልጅ በሐኪም ዘንድ የእርሳስ ሕመምተኛ ተብሎ አልታወቀም።

ጥናቱ ነቀፌታ አላጣም፤ ከፊሉም ተገቢ ነበር። ድኽነት፣ የወላጆች ትምህርትና የቤቱ ሁኔታ ሁለቱንም፣ ማለት እርሳሱንም የትምህርቱን ድክመትም፣ ሊያመጡ ይችላሉና። ኒድልማን በ158ቱ ልጆች ላይ የእናትን የአእምሮ ፈተና ውጤት ጭምር በስሌቱ ውስጥ አስገብቷል፤ በመምህራኑ ቅጽ ላይ ግን ይህን አላደረገም። በ1991 ጥናቱን አዛብቷል ተብሎ ቢከሰስም ያስተምርበት የነበረው የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ መርምሮ ከማጭበርበር ነፃ አድርጎታል። ከዚያ በፊት በ1990 ከእነዚያው ልጆች 132ቱን ካደጉ በኋላ አግኝቷቸው፣ በጥርሳቸው ብዙ እርሳስ የነበረባቸው ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ የማቋረጣቸው ዕድል ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ መሆኑን አሳየ። በልጅ ላይ «ሰነፍ» የሚለው ቃል ምን ያህል በችኰላ እንደሚወድቅ ለሚያስብ መምህር ይህ ውጤት ቀላል አይደለም።

ከዚህ በኋላ የፍርድ ቤቱና የመንግሥቱ ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1970 የተቋቋመው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1973 በቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ አዘዘ። ከ1975 ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ የተገጠመው የጭስ ማጣሪያ በእርሳስ ስለሚበላሽም እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ግድ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ከሕፃኑ አእምሮ ይልቅ ማጣሪያው ፈጥኖ ተደመጠ። ኤቲል ኩባንያ መሥሪያ ቤቱን ቢከስም በ1976 የዋሺንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአምስት ለአራት ድምፅ ወሰነ። ይኸውም ሕጉ የሚጠይቀው ከባድ ሥጋት መኖሩን እንጂ ጉዳቱ መድረሱን ማረጋገጥ አይደለም የሚል ነው። ዶክተር ሃሚልተን በ1925 የተሟገቱለት ሐሳብ ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ በአንድ ድምፅ ብልጫ ረታ። ከ1976 እስከ 1980 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት የአሜሪካውያን አማካይ የደም እርሳስ ከ14.6 ወደ 9.2 ማይክሮግራም ወርዶ ተገኘ፤ የቤንዚኑ እርሳስ በቀነሰ መጠን የደሙም ቀነሰ። በ1996 ለመንገድ መኪና ፈጽሞ ተከለከለ። ለሕፃናት የሚያሰጋ የሚባለው የደም እርሳስ መጠንም በስድሳዎቹ ዓመታት 60 የነበረው ወደ 40፣ በ1975 ወደ 30፣ በ1985 ወደ 25፣ በ1991 ወደ 10፣ በ2012 ወደ 5 እየወረደ መጣ።

በዚያው በ1976 የአሜሪካ ምክር ቤት የመርዛማ ንጥረ ነገሮች ቍጥጥር ሕግን አወጣ። ሕጉ ግን ከእርሳሱ ታሪክ ግማሹን ብቻ የተማረ ይመስላል። በጊዜው በሥራ ላይ የነበሩትን 62,000 ያህል ኬሚካሎች ያለ ምርመራ ከማለፉም በላይ፣ መሥሪያ ቤቱ አንድን ኬሚካል እንዲመረመር ለማዘዝ አስቀድሞ ሥጋት መኖሩን እንዲያስረዳ ጠየቀው። ያለ ምርመራ ሥጋቱ አይታወቅም፤ ሥጋቱ ሳይታወቅ ምርመራ አይታዘዝም። የዚህ አደረጃጀት ውጤት በአስቤስቶስ ታየ፤ በ1989 መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ክልከላ ከአሥር ዓመት ዝግጅት በኋላ የመጣ ቢሆንም በ1991 ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሻረው። ሕጉ የተሻሻለው በ2016 ነው። የኤውሮጳ ኅብረት በ2006 አጽድቆ በ2007 በሥራ ላይ ያዋለው ሪች የተባለው ደንብ ሸክሙን ወደ ሌላው ትከሻ አዞረ። በዓመት ከአንድ ቶን የሚበልጥ ኬሚካል የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ሁሉ ስለ ደኅንነቱ መረጃ ካላቀረበ ወደ ገበያ አይገባም። ይህም ደንብ የራሱ ድክመት አለው፤ የሚቀርበው መረጃ ከአምራቹ የሚመጣ ስለሆነ የሚመረምረው ክፍል በቂ ሰውና ጊዜ ካላገኘ ወረቀት ብቻ ይከመራል።

በኢትዮጵያ በዚህ አቅጣጫ ቀድሞ የተደነገገው በተባይ ማጥፊያ መድኃኒቶች ላይ ነው። በ1990 የወጣው ልዩ ድንጋጌ ቍጥር 20 መድኃኒቱ ሳይመዘገብ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ ሲያደርግ፣ በ2010 የወጣው አዋጅ ቍጥር 674 ይህንኑ ተክቷል። በቤንዚን በኩል የአፍሪካ መንግሥታት ተወካዮች በ2001 በዳካር ተሰብስበው እርሳሱን ለማስወጣት ተስማሙ፤ በ2006 መጀመሪያ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ሁሉ ሽያጩ ቆሟል። ከአሜሪካ ይልቅ ብዙ ዘግይተው የጀመሩት እነዚህ አገሮች ሥራውን በአምስት ዓመት ውስጥ መፈጸማቸው ሊታወስ የሚገባው ነው። የቀረው የእርሳስ መንገድ ቀለም ስለነበረ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ባወጣው ደንብ ቍጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት በየክፍሉ ግድግዳ፣ በዴስክና በመጫወቻ ብረት ላይ የተቀባው ቀለም ግን በቦታው አለ፤ ሲላጥም አቧራው ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ትንሹ ልጅም እጁን ወደ አፉ ይወስዳል።

በዓለም ላይ ለመኪና የሚሸጠው የመጨረሻው የእርሳስ ቤንዚን በአልጄሪያ በሐምሌ ወር 2021 አለቀ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሕፃናትን የደም እርሳስ መለያ ከ5 ወደ 3.5 ማይክሮግራም ዝቅ አደረገ። ከመቶ ዓመት በፊት ዶክተር ኪሆ ማስረጃው ይምጣ ያሉበት እርሳስ ከቤንዚን ቢወጣም በየመንገዱ ዳር አፈር ውስጥ ይገኛል፤ ማዕድን ነውና አይበሰብስም።